ማርታም ታስቀድስ



ዛሬ ዘንባባ ይዘን ከቤተ ክርስቲያን የተመለስን ሁሉ ነገ ሰሙነ ሕማማትን እንጀምራለን። ከዚያም ጸሎተ ሐሙስ፣ ስቅለት፣ ቅዳሜ ሹርና የትንሣኤ ሌሊት ይከተላሉ። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚፈጸምበት ይህ ሳምንት በቤተ ክርስቲያን በኩል የስግደትና የጸሎት፣ በቤት በኩል ደግሞ የሽንኩርት፣ የዶሮ፣ የቅቤና የእንቁላል ሳምንት ነው። ሁለቱ የሚጋጩበት አንድ ሥፍራ አለ። እርሱም ሕፃን የያዘች እናት ጓዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ይህንኑ ነው።

በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ አብርተው የቆሙትን ምእመናን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ወጣቶችን፣ ጐልማሶችንና በምርኩዝ የተደገፉ አረጋውያንን ያያል። በቁጥር ጥቂት የሆኑት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ናቸው። እነርሱ የት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ምድጃ ዳር ናቸው።

ሩቅ ሳንሄድ ከራሳችን ቤት እንጀምር። በ2008 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴው ተፈጽሞ ወደ ቤታችን ስንገባ የልጃችንን እናት ያገኘናት ማማሰያ እንደያዘች ነበር። ወጡ ገና አልደረሰም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጃችን የጋለ የድስት ክዳን ነክታ ጣቷ ተልጧል፤ አልቅሳ አልቅሳ ራቷን እንኳ ሳትበላ ተኝታለች። የትንሣኤውን ሰላምታ ብናቀርብላት በሥርዐቱ መለሰችልንና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከወለድሁ ወዲህ የትንሣኤን ደወል የምሰማው ከጓዳ ሆኜ ነው። ይኸው ሦስት ፋሲካ ሆነኝ» አለችን። የምንመልሰው ቃል አጣን። ስለ ትንሣኤ ለብዙ ሰው ስናስተምር ኖረን፣ በገዛ ቤታችን ያለችው ከደስታው ተካፋይ አለመሆኗን ልብ ሳንል ሦስት ዓመት አልፎናል።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በቤታችን ብዙ ነገር ተለውጧል። የተለወጠውም ማዕዱ ሳይሆን ማዕዱ የሚሰናዳበት ጊዜና የሚያሰናዱት እጆች ቁጥር ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ተጻፈችው ስለ ማርታ ስናስተምር ብዙ ጊዜ እንበድላታለን። ማርታ የተገሠጸችው ስለ አበሰለች አይደለም፤ በብዙ ነገር ስለ ታወከች ነው። እርሷ ባትኖር ኖሮ በዚያ ቤት እንግዶቹ ጦማቸውን ባደሩ ነበር። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ማርታ ድስቷን እንድትተው ሳይሆን፣ ሥራዋን በጊዜው ጨርሳ ከእኅቷ አጠገብ እንድትቀመጥ ማን ይርዳት የሚለውን ነው። ለዚህም መጽሐፍ መንገዱን አሳይቷል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤል ለሰንበት የሚሆነውን መና በዋዜማው እጥፍ አድርገው እንዲሰበስቡ፣ የሚጋገረውን ጋግረው፣ የሚቀቀለውን ቀቅለው እንዲያሳድሩ ታዝዘዋል። አስቀድሞ ማሰናዳት ለጸሎት ቀን ቦታ መልቀቅ ነው።

ይህ ለእኛ አገር እመቤቶችም አዲስ ነገር አይደለም። ባልትና የሚባለው ሙያ ከመሠረቱ አስቀድሞ የማሰናዳት ጥበብ ነው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ለወራት ይቀመጣል። ሽሮው ከነቅመሙ ይመጠናል፤ ቅቤው በኮረሪማና በአብሽ ተነጥሮ ይከተታል፤ ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፤ በሶው ተቆልቶ ይፈጫል። እንግዳ ድንገት ቢመጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ የሽሮ ወጥ የምታቀርብ እመቤት ፈጣን የሆነችው በዚያች ቅጽበት ሳይሆን ከሦስት ወር በፊት ነው። ታዲያ የበዓሉ ወጥ ሲሆን ሁሉም ሥራ ለምን በአንዲት ሌሊት ይከመራል? ቀድሞ አያት፣ አክስት፣ እኅትና ጎረቤት በአንድ ግቢ ተሰብስበው አንዷ ስትከትፍ ሌላዋ ሕፃኑን ታዝል ነበር። ዛሬ በከተማ እናቲቱ ብዙውን ጊዜ ብቻዋን ናት፤ ብዙዎችም እስከ ሐሙስ ድረስ ከቢሮ ወይም ከገበያ ሥራቸው አልተለዩም። ረዳቱ ሲቀንስ የሥራው አከፋፈል አልተለወጠም።

እንግዲህ በቤታችን የሞከርነውን እናካፍል። የተነጠረ ቅቤ በቤት ከሌለ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይነጠራል፤ የበርበሬውና የመከለሻው ጉድለትም በዚያው ይታያል። የእንጀራው ሊጥ ረቡዕ ይቦካል፤ ቅዳሜ ጧት ይጋገራል። የዶሮ ወጥ ትልቁ ድካም ዶሮው ሳይሆን ቁሌቱ መሆኑን ደግሞ ማንም ባለሙያ አትክድም። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎና ከዚያም በላይ ሽንኩርት መክተፍ፣ ውኃው እስኪመጥ ማመስ፣ ከዚያም በርበሬውን ጨምሮ ጠብ እያደረጉ ለሰዓታት ማቁላላት ሕፃን በእግር ሥር ሲንደፋደፍ የሚሠራ አይደለም። ነገር ግን ቁሌት በዘይት እስከ ተሠራ ድረስ የጾም ምግብ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ሕፃኑ ከተኛ በኋላ ባልና ሚስት አብረው ሊሠሩት ይችላሉ። ሲቀዘቅዝ ተከፍሎ፣ ጥቂቱ ለሐሙስ የምስር ወጥ ይሆናል፤ የቀረው በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በማቀዝቀዣ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ቅዳሜ የሚቀረው ዶሮውን በልቶ፣ በሎሚና በጨው አጥቦ፣ ከሞቀው ቁሌት ከቅቤው ጋር መጨመርና እንቁላሉን መቀቀል ነው። ከሰዓት በኋላ የተጀመረው ሳይመሽ ይጠናቀቃል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤትስ? እርሱም ቢሆን መንገድ አለው። ደረቅ ደረቁን ሁሉ፣ ቅቤውንና ቅመሙን በሳምንቱ መጀመሪያ ጨርሶ፣ ቁሌቱን ቅዳሜ በማለዳ ቢጥደው ማታ እጁ ባዶ ይሆናል። የተሠራ ቁሌት ያለ ማቀዝቀዣ ለቀናት እንዲቆይ ግን አንመክርም። ዐርብን ከዚህ ሁሉ ነፃ እንድናደርገው እንለምናለን። የስቅለት ዕለት የስግደት እንጂ የመክተፊያ ቀን አይደለም።

ከበዓሉ ወጥ የበለጠ የሚያሳስበን ግን የሕፃኑ ድስት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ልጆች ጾም የሚጀምሩት ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ነው። ሆኖም በብዙ ቤቶች የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት፣ አንዳንዴም ገና መራመድ ያልጀመሩት፣ ጾሙን በሙሉ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ያሳልፋሉ። ምክንያቱ እናቶች ሕፃን ይጹም ብለው ስላመኑ አይደለም። ዕቃው እንዳይነካካ፣ የጾሙ ድስት የፍስክ እንዳይሆን ስለሚሰጉ ነው። ስጋቱን አንንቅም፤ ከአክብሮት የመጣ ነውና። መፍትሔው ግን አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንዲት ሳህንና አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ለብቻ መግዛት ነው። የአንድ ድስት ዋጋ ከአንድ ልጅ ዕድገት ጋር አይወዳደርም። ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ግን እንቁላል፣ ወተትና በሚገባ የበሰለ ሥጋ ለአካሉና ለአእምሮው ያስፈልጉታል፤ ይህ ፍላጎቱ በጾም ወራት አይቋረጥም።

የሕፃኑም ምግብ አስቀድሞ ሊሰናዳ ይችላል። ሦስት እጅ ገብስ፣ አጃ ወይም ስንዴ ከአንድ እጅ ሽምብራ ጋር ተቆልቶና ተፈጭቶ በደረቅ ዕቃ ቢቀመጥ ለሳምንታት የሚሆን የገንፎ ዱቄት ነው። ጧት በወተት ተገንፍቶ፣ እንቁላል ተመትቶበት እንደገና በደንብ ሲበስል ፈጥኖ የሚደርስ ቁርስ ይሆናል። ድንችና ካሮት ምሽት ላይ ተቀቅሎ በማቀዝቀዣ ቢያድር በማግሥቱ ተፈጭቶ ምሳ ነው። ለጾሙ ከተሠራው ምስርም በርበሬው ሳይገባ አንድ ጭልፋ ቀንሶ ለሕፃኑ ማስቀረት ተጨማሪ ድካም የለውም።

ጥቂት ጥንቃቄዎችን ሳንጠቅስ አናልፍም። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ በሞቃት ክፍል አይቆይ፤ ያደረም ለሕፃን ሲሰጥ ዳር ዳሩ ሳይሆን እስከ ውስጡ እንፋሎት እስኪያወጣ ይሙቅና በርዶ ይቅረብ። ቆሎና ኦቾሎኒ ጉሮሮ ስለሚዘጉ ለትንንሽ ልጆች አይሰጡ፤ ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው አይገባም። ከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሕፃን ካለበት አይቀመጥ፤ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። የፈላ ድስትም ልጅ ከሚደርስበት መሬት ላይ ይራቅ። ይህን የመጨረሻውን የልጃችን ጣት አስተምሮናል።

«ያደረ ቁሌት የበዓል ክብር ይቀንሳል» የሚሉ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ አስተያየታቸውንም እናከብራለን። ለመሥዋዕት የሚቀርበው ኅብስት ያላደረ እንዲሆን ሥርዐት አለው። የቤት ወጥ ግን መሥዋዕት አይደለም። እንዲያውም በፋሲካ ማግሥት የተበላ የዶሮ ወጥ ከዕለቱ ይልቅ ጣዕሙ እንደሚጠልቅ የማይመሰክር ማን ነው? ክብሩ የሚቀንሰው አብሳይዋ ደክማ ማዕዱ ላይ ስታንቀላፋ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ የወንዶች ነው። እኛ ዲያቆናት በቤተ ልሔም የኅብስቱን ሊጥ በገዛ እጃችን እናቦካለን፤ እንጋግራለን፤ ይህንንም እንደ ክብር እንቈጥረዋለን። ቤታችን ስንገባ ግን ሽንኩርት መላጥ ያሳፍረናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈው ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ የከሰል እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አሰናድቶ ጠብቋቸዋል። ሞትን ድል የነሣው እርሱ ሌሊቱን ሲደክሙ ላደሩት ቁርስ ካቀረበ፣ ለእኛ መክተፊያ መያዝ ምን ያጎድለናል? ወጡን ማቁላላት የማይችል ሰው ሽንኩርቱን ይላጥ፤ ያንንም የማይችል ሕፃኑን ይያዝ። በትንሣኤ ሌሊትም ሕፃኑ ለቅዳሴ የማይወጣ ከሆነ ባልና ሚስት በየዓመቱ ይፈራረቁ፤ ወይም አያትና ጎረቤት ይለመኑ። ዘንድሮ ባልየው ቤት ቢቀር የሚጎድለው የለም። እርሷ እስከ ዛሬ ስትቀር ኖራለችና።

ያች ጣቷን የተላጠችው ልጃችን ዛሬ አድጋ በጸሎተ ሐሙስ የጉልባኑን ባቄላ ትለቅማለች። እናቷም በትንሣኤ ሌሊት ጧፏን አብርታ ከእኅቶቿ ጋር ትቆማለች። ወደ ቤት ስንመለስ ወጡን ማሞቅ የእኛ ተራ ነው። አንዳንዴ እናሳርረዋለን። እስከ ዛሬ ግን ስለዚህ የተቈጣን የለም።

ውድ አንባብያን፣ ሳምንቱ ገና በእጃችን ነው። ከነገ ጀምሮ በየቤታችን ሥራውን በቀንና በሰው ብንከፋፍለው፣ ቅዳሜ ሲመሽ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ። ለሁላችን የተነሣው ጌታ ደወሉን ሁላችንም ከጓዳ ሳይሆን ከቅጽሩ ውስጥ ሆነን እንድንሰማ ያብቃን። መልካም ሰሙነ ሕማማት፤ ለብርሃነ ትንሣኤውም በሰላም ያድርሰን።