ስለ ጡረታ ሲመከር ጡረተኛው አይቅር

በደሴ፣ በኮምቦልቻና እንደ ደጋን ባሉ የቃሉ ወረዳ ከተሞች ዕድሜያቸውን በማስተማር፣ በማከምና በቢሮ ሥራ የፈጁ ጡረተኞች አሉ። በየወሩ ባንክ ሄደው የሚቀበሉት አበል ከማንም የተቸራቸው ምጽዋት አይደለም። ሲሠሩ ከደመወዛቸው የተቆረጠ፣ ቀጣሪያቸው መንግሥትም የድርሻውን የጨመረበት ገንዘብ ነው። ዛሬ ከመንግሥት ሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት 11 በመቶ ይከፍላል። መብቱም የትናንት አይደለም፤ ከአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጀምሮ ስንት መንግሥት ሲለዋወጥ አብሮ የዘለቀ ነው። ስለዚህ በዚህ ገንዘብ ላይ በሚመከርበት መድረክ ሁሉ ባለቤቱ ተጠርቶ፣ ተገኝቶና ተናግሮ መመለስ አለበት ብለን እናምናለን።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያስቸኩል ስሌቱ ራሱ ይናገራል። የሲቪል ሠራተኛ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዝለታል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 35 ዓመት ያስተማረች መምህርት አማካይ ደመወዟ 9,000 ብር ከነበረ የሚደርሳት 61.25 በመቶው፣ ማለትም 5,512 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያየነውን የዋጋ ንረት፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር የደረሰበትን ዝቅታ፣ የጤፉን፣ የዘይቱንና የመድኃኒቱን ዋጋ ከዚህ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ነው። እሷ ብትሞት ባሏ የሚቀበለው የአበሏን ግማሽ ነው። ባል የሞተባት ሴትም ዕጣዋ ይኸው ነው። በየመድረኩ ድምፃቸው ፈጽሞ የማይሰማው ደግሞ እነዚህ ናቸው።

በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል የጀማሪ ባለዲግሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ቀድሞ ጡረታ የወጣው ሠራተኛ አበል የተሰላው በድሮው ደመወዝ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እኩል ዘመን ያስተማሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከጭማሪው በፊት ሌላው ጭማሪው ከተደረገ ከዓመታት በኋላ ስለወጡ ብቻ፣ በአበላቸው መካከል ሰፊ ልዩነት ይፈጠራል። ይህን ክፍተት የሚደፍነው የአበል ማስተካከያ ነው። ማስተካከያው ደግሞ በበጎ ፈቃድ የሚለቀቅ ሳይሆን ከኑሮ ውድነቱ ጋር የተያያዘና ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ እንዲሆን ይህ ጋዜጣ ይጠይቃል።

ሌላው ጥያቄ የጡረታ ፈንዱ የት ነው ያለው የሚል ነው። ለብዙ ዓመታት የጡረታ ገንዘብ የግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ቆይቷል፤ ወለዱም ከዋጋ ንረቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በግልጽ አማርኛ፣ ጡረተኛው ለመንግሥት እያበደረ ገንዘቡ ተሸርሽሯል። አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ፈንዱ በሌሎች ትርፋማ ዘርፎችም እንዲሠራበት በር ከፍቷል። እንግዲያው በምን ላይ ዋለ፣ ምን አተረፈ፣ ምን ከሰረ የሚለውን የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በየዓመቱ ደሴና ኮምቦልቻ መጥቶ ለባለቤቶቹ ማስረዳት ይኖርበታል። የአዲስ አበባ አዳራሽ ለደጋን ጡረተኛ ሩቅ ነው፤ የደርሶ መልሱ ትራንስፖርትና የአልጋው ወጪ ብቻ የወር አበሉን ይጎዳዋል።

ሕዝብ ቢናገር ምን ይለወጣል የሚሉ አሉ። ተስፋ ቢቆርጡ አንፈርድባቸውም፤ ውሳኔው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለጭብጨባ ብቻ የተጠሩባቸውን ስብሰባዎች ያስታውሳሉ። ሆኖም በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ፕሮቪደንት ፈንድ ወደ ጡረታ ይዛወር የሚል ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ ሠራተኞች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ያጠራቀሙትን ለማውጣት ሲሉ ሥራቸውን የለቀቁም ነበሩ። መንግሥት ሐሳቡን ተወው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2005 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የጡረታ መዋጮውን ከፊል ወደ ግል ሒሳብ ለማዞር ከግዛት ግዛት ዞረው ሲቀሰቅሱ፣ አዛውንቶች የምክር ቤት አባሎቻቸው በጠሩት ስብሰባ ሁሉ እየተገኙ ሞገቷቸው። ዕቅዱ ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ቀረ።

የእኛ አካባቢ ሰው የአበል መቋረጥ ምን እንደሆነ በራሱ አይቶታል። ከጥቅምት 2014 ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰባቸው ሳምንታት ባንክ ተዘግቶ፣ በእጁ ጥሪት ያልነበረው ጡረተኛ በጎረቤት እጅ አደረ። በትግራይ ጡረተኞች ላይ የደረሰው መቋረጥ ከዚህም እጅግ የረዘመ ነበር። ለክፉ ቀን የሚሆን የክፍያ ዘዴ አስቀድሞ መዘጋጀቱም ከአጀንዳዎቹ አንዱ መሆን አለበት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲ ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ረቂቅ ሕግ ወይም መመሪያ ሲዘጋጅ ሰነዱ ከስብሰባው ሳምንታት ቀድሞ ይታደል፤ የተነሳው ጥያቄና የተሰጠው መልስ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለሕዝብ ይገለጽ። ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ የተመረጡ የምክር ቤት አባላትም ወደ መራጮቻቸው ሲወርዱ ጡረታን ከመንገድና ከውኃ ጥያቄ ጋር እኩል ያንሱ።

ለአንባቢዎቻችን የምንለው ይህ ነው። ስብሰባ ሲጠራ አይቅሩ። አበልዎ የተሰላበትን ደብዳቤና የአገልግሎት ማስረጃዎን ይዘው ይሂዱ፤ ስሌቱ ካልገባዎ እዚያው ያስረዱኝ ይበሉ። በየቅሬው (በየዕድሩ) ወደ ስብሰባ መሄድ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ካሉ ጥያቄያቸውን የሚያደርስላቸው ሰው ይወከል። ገና በሥራ ላይ ያላችሁም ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ በዚህ ወር ከደመወዛችሁ የተቆረጠው 7 በመቶ የእናንተው ገንዘብ ነው።