የሽጉጥ ምላጭ ክብደትና የጥንቃቄ ጥያቄ

የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ በ1990ዎቹ ሪቮልቨርን በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ሲተካ ሳይታሰብ የሚባርቅ ጥይት አሳስቦት ነበር። በመሆኑም በግሎክ ሽጉጦቹ ላይ ጠንካራ የምላጭ ሞላ አስገጠመ። በመደበኛው ሽጉጥ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነው የመሳቢያ ኃይል ወደ 5.4 ኪሎ ግራም ከፍ አለ። እርምጃው በመነሻ ሐሳቡ አይነቀፍም፤ የታሰበለትን ጥበቃ መስጠቱ ግን ያጠራጥራል።

ሮጀር ኢኖካ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ጣት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚኮማተርባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ለይተዋል፤ ሚዛን መሳት፣ ድንጋጤ፣ እንዲሁም አንዱ እጅ አጥብቆ ሲጨብጥ ሌላው አብሮ መጨበጡ። በእነዚህ ቅጽበቶች የሚፈጠረው ኃይል ከባዱንም ሞላ ሊያሸንፍ ይችላል። ስለዚህ ለራሱ ጥበቃ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰውም ቢሆን ከሞላው ይልቅ ምላጩን በሚገባ የሚሸፍን ማኅደር ይበጀዋል፤ ለመተኮስ እስኪወስን ድረስም ጣቱን ከምላጩ ማራቅ ይኖርበታል።

ጉዳቱ በአንጻሩ ግልጽ ነው። ባዶውን 700 ግራም የማይሞላ መሣሪያ በ5.4 ኪሎ ግራም ኃይል ሲሳብ አፈሙዙ ከዒላማው ለመናወጥ ቅርብ ነው። ይህ ደግሞ በአካባቢው ለሚያልፍ መንገደኛ ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች 16 ጥይት ተኩሰው፣ ዘጠኝ መንገደኞች በጥይትና በፍንጣሪ ቆስለዋል። ጥፋቱን ሁሉ በሞላው ማሳበብ አግባብ አይሆንም። ሆኖም የራንድ ተቋም ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ምላጭ እንዲሞከር መክሮ ነበር፤ ፖሊስ ለአዳዲስ ምልምሎቹ ቀላሉን ምላጭ የፈቀደው ግን ገና በ2021 ነው።