ነጩ ይሻላል ወይስ ቢጫው?

ከቡሬ የጻፈልን የሚኒባስ ሾፌር ጥያቄው አጭር ነው። «ቢጫውን አምፖል አውጥቼ ነጩን ኤልኢዲ ላስገባ ወይ? ጓደኞቼ የድሮ ሰው እያሉ ያሾፉብኛል።»

ወንድሜ፣ ያሹፉ! ማታ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትነዳ ከፊትህ የሚመጣው ነጭ መብራት ዓይንህን ሲያጭበረብረው ምን ብለህ እንደምትሳደብ አንተው ታውቀዋለህ። በዚያች ቅጽበት ከገበያ አምሽቶ አህያውን እየነዳ የሚመለስ ገበሬ ዳር ላይ ቢኖር አታየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናህ የመብራት ቤት የተሠራው ለሃሎጂን አምፖል ነው። ኤልኢዲ ስትከትበት ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታ ይዛነፋል፤ መንገዱ ላይ ማረፍ ሲገባው ወደ ላይ ይበተናል። ከፋብሪካ ኤልኢዲ ይዞ የመጣ መኪና ሌላ ነው፤ እሱን አንነካካውም። ሰማያዊ የተቀባው አምፖል ደግሞ ጭራሽ! ቀለሙ ራሱ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። (ለጓደኞችህ ንገራቸው፦ ፈረንሳይ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ ከእኛ ሃሎጂን የባሰ ቢጫ መብራት በሕግ ታስገድድ ነበር።)

ምናልባት የጨለመብህ አምፖሉ ላይሆን ይችላል። የመብራቱ ፕላስቲክ ደብዝዞ እንደሆነ አስወልውለው። ካልሆነ የነበረውን ዓይነት ግዛ፤ ኤች 4 ከሆነ 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት። ሁለቱንም ባንድ ቀን ቀይር። ብርጭቆውን በጣትህ እንዳትነካ፣ የእጅ ቅባት ቶሎ ያቃጥለዋል። ከዚያ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ አጭሩን መብራት አብራ፤ የብርሃኑ ጫፍ ከመብራቱ ከፍታ 10 ሳንቲም ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ አስተካክለው። በጭጋግ ጊዜም ረጅሙን አታብራ፣ ጭጋጉ መልሶ አንተኑ ያሳውርሃል።