የአምቡላንስ ጣቢያና የደቂቃ ዋጋ

በአንድ ከተማ ሠፈር አዲስ የአምቡላንስ ጣቢያ እንዲሠራ መሠረት በተጣለ ጊዜ የሠፈሩ ሕዝብ መደሰቱ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያ የሚባለው ግድግዳውና ጣራው ብቻ አለመሆኑን የአስተዳደር ሹማምንትም ነጋዴዎችም አስቀድመው ሊያስተውሉት ያስፈልጋል። ቤቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል፤ አገልግሎቱ ግን ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሕመምተኛን ተሸክሞ ወደ ሐኪም ማድረስ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠር ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ አበጅቶ፣ በፈረቃ እየተቀባበለ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አልፎ በሽተኛውን ሲያደርስ ኖሯል። አምቡላንስ በዚህ መልካም ልማድ ላይ የጨመረው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ፍጥነት ሲሆን ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው እርዳታ ካላገኘ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናትም በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ የጣቢያው ሥራ የሚመዘነው በደቂቃ ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክ እንደሚያሳየው እንዲህ ያለው ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚቋቋመው ከጥፋት በኋላ ነው። በቪዬና ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1881 ሪንግ የተባለው ቴአትር ቤት ተቃጥሎ በመቶ የሚቈጠር ሰው አለቀ፤ በማግስቱም ዶክተር ያሮሚር ሙንዲ ከሁለት መኳንንት ጋር ሆነው የከተማውን የበጎ ፈቃድ የነፍስ አድን ማኅበር መሠረቱ። በኢትዮጵያም የቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ/ም የተቋቋመው የጦርነት ደመና ባንዣበበበት ወራት ነበር። አስቀድሞ ያሰበ ከተማ ግን ጥፋቱን ሳይጠብቅ ያሰናዳል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ939 የስልክ ቍጥር ይጠራል፤ የግል አምቡላንሶችም አሉ። እንዲህም ሆኖ ወደ ሐኪም ቤት ከሚደርሰው ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚበዛው በታክሲና በግል መኪና የሚመጣ መሆኑን በከተማው የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ። ባለ ታክሲው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደም ለማቆምም ሆነ ትንፋሽ ለመስጠት አልሠለጠነም። እንግዲህ አዲስ ጣቢያ ሲሠራ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሕዝቡን ከታክሲ ወደ አምቡላንስ የሚመልሰው ምንድር ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ቦታው ነው። አምቡላንሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መሄድ ከቻለ በስድስት ደቂቃ 3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መንገዱ ተጨናንቆ ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ቢወርድ በዚያው ጊዜ የሚደርሰው 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የሚያይ ሰው ጕዳቱ ከሦስት ሁለት እጅ ነው ይል ይሆናል፤ ሒሳቡ ግን ከዚህ የከፋ ነው። አምቡላንሱ የሚያገለግለው በዙሪያው ያለውን ሠፈር ሁሉ ስለሆነ፣ ርቀቱ በሦስት ሲከፈል የሚሸፈነው የመሬት ስፋት በዘጠኝ ይከፈላል። በወረቀት ላይ አንድ ጣቢያ የሚበቃው ሠፈር መንገዱ በተዘጋ ሰዓት ዘጠኝ ጣቢያ ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ርካሽ መሬት ስለተገኘ ብቻ ጣቢያውን በጠባብ መንገድ ውስጥ መሥራት፣ ወይም በገበያ ቀን በማይታለፍበት ጐዳና ላይ ማቆም፣ በግዢው የተረፈውን ገንዘብ በሰው ነፍስ መክፈል ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የሰው ኃይል ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ መሠረት አንዱን ወንበር ቀንና ሌሊት ባለ ሰው ለማቆየት ሦስት ሰው ተኩል ያስፈልጋል። በአንድ አምቡላንስ ላይ ሾፌርና የጤና ባለሙያ ስለሚቀመጡ ለአንዱ መኪና ቢያንስ ሰባት ሰው ይደርሳል፤ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመምና የሥልጠና ቀን ሲታሰብ ቍጥሩ ከዚህ ያልፋል። በዚህ ላይ ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ ኦክሲጅንና መድኃኒት አለ። ለመኪናው መግዣ በጀት ይዞ ለሠራተኛውና ለነዳጁ ያልያዘ መሥሪያ ቤት ያሠራው ጣቢያ ሳይሆን ጋራዥ ነው።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ፣ ሂል በሚባለው የጥቍሮች ሠፈር የሆነው ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ሠፈር ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ የነበረው በፖሊስ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሪደም ሐውስ የተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቁሞ፣ የቪዬና ተወላጅ የሆኑት ሐኪም ፒተር ሳፋር የሠፈሩን ሥራ አጥ ወጣቶች ብዙ መቶ ሰዓት በፈጀ ትምህርት አሠለጠኗቸው። እነዚህ ወጣቶች በሽተኛውን ገና በመንገድ ላይ ሳለ ማከም በመቻላቸው የሥልጠናው ሥርዓት ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ለተስፋፋው ሙያ አርአያ ሆነ። ነገር ግን ሥራው የተንጠለጠለው በከተማው ገንዘብ ላይ ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ከተማው የራሱን አገልግሎት ሲጀምር ፍሪደም ሐውስ ተዘጋ። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል፤ ባለሙያ ከሠፈሩ ውስጥ ሊፈጠር እንደሚችል፣ መልካም ሥራም ቋሚ በጀት ከሌለው እንደማይዘልቅ።

ነጋዴዎች በበኩላቸው የሚያሰሙት ቅሬታ ሊናቅ አይገባም። የሲረን ድምፅ ያውካል፤ በመደብር ፊት መኪና ማቆም ይከለከላል፤ ዕቃ የሚያራግፍ ካሚዮን ሰዓት ይወሰንበታል። ይህ ሁሉ ኪሳራ አለው። አስተዳደሩም የማራገፊያውን ሰዓትና ቦታ ከነጋዴዎቹ ጋር ተማክሮ ቢወስን እንጂ ድንገት በቅጣት ባይጀምር ይመረጣል። ሆኖም ነጋዴው ይህን ቢያስብ መልካም ነው፤ በመንገዱ ላይ የተዘረጋው ሸቀጥ የሚያስቀረው አምቡላንስ ወደ ማን ቤት እየሄደ እንደሆነ አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም። በገበያ መካከል እሳት ቢነሣ ወይም ተሸካሚ ከፎቅ ቢወድቅ አስቀድሞ የሚፈለገው ይኸው ጣቢያ ነው።

የቀረው የአስተዳደሩ ድርሻ ነው። ቤቶች ቍጥር፣ መንገዶችም ስም ሊኖራቸው ይገባል፤ ቤቱን በዛፍና በሱቅ ምልክት እየጠየቀ የሚፈልግ ሾፌር በመንገድ ያተረፈውን ደቂቃ በበር ላይ ያጠፋዋልና። ለተለያዩ ድርጅቶች የሚደወሉት ቍጥሮች ተቀናጅተው፣ ጥሪውን የተቀበለው ወገን ቅርብ ያለውን መኪና የማንም ይሁን የማን ማዘዝ ይቻለው። ጥሪው የደረሰበት፣ መኪናው የወጣበትና በሽተኛው ዘንድ የደረሰበት ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም በየወሩ ተመርምሮ ለሕዝብ ይገለጽ። ጣቢያው በሚመረቅበት ቀን የሚቆረጠው ሪባን ስለ አገልግሎቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ እውነቱን የሚናገረው ከዓመት በኋላ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተደወለው ስልክ በስንት ደቂቃ መልስ እንዳገኘ የሚያሳየው መዝገብ ነው።