ሱቅና መኖሪያ ስለ ምን ይለያያሉ?

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ብዙ ነጋዴ ፊቱ ወደ መንገድ በሆነ ቤት ይሸጣል፤ ከሱቁ ጀርባም ቤተ ሰቡን ያኖራል፤ ደንበኛው በእግሩ ይመጣል። ፕላን ንግዱን በአንድ ሠፈር፣ መኖሪያውን በሌላ ሠፈር ቢደለድል ግን በአነስተኛው ነጋዴ ላይ የሱቅ ኪራይ ይታከልበታል፤ ሳሙና የሚሻው ደንበኛም የባጃጅ ዋጋ ይከፍላል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሕንጻ ከፍታና የሠፈር መንገድ በአካባቢ ልማት ፕላን እንዲወሰን ይፈቅዳል። እንግዲያውስ ደንቡ የቤቱን ቅርጽና የእግረኛውን መተላለፊያ ይቈጣጠር፤ ውስጡ ሱቅ ወይም መኝታ መሆኑን ለባለቤቱ ይተውለት፤ ጢስና ጩኸት የሚያበዛ ሥራ ብቻ ይከልከል።

ክቡራን ነጋዴዎች! አዋጁ ሕዝብ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይሻልና ረቂቁ ሳይጸድቅ አሳባችሁን አቅርቡ፤ ከጸደቀ በኋላ ማማረር የተዘጋ ሱቅ አያስከፍትም።