እንግዳ ሲመጣላችሁ ከኦበርን ጎዳና ጀምሩ

ባለፈው ነሐሴ አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አትላንታ እኛ ጋ ሁለት ሳምንት ቆየች። ወላጆቼ ሥራ ስለሚውሉ አስጎብኚዋ እኔ ሆንኩ። ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፦ አኳሪየም፣ የኮካ ኮላ ሙዚየም፣ ሌኖክስ ሞል። በመጨረሻ ስቶን ማውንቴን ወሰድኳት። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ እኔም ከኋላዋ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ሦስት ፈረሰኞች እንዲታዩ አድርጌ ፎቶ አነሳኋት። «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» አለችኝ። «የድሮ ጄኔራሎች ናቸው» ብዬ አለፍኩ።

እነማን እንደሆኑ ግን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። ጀፈርሰን ዴቪስ፣ ሮበርት ሊ እና ስቶንዎል ጃክሰን ናቸው፤ ባርነት እንዳይቀር ከአሜሪካ ተገንጥለው የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች መሪዎች። ቅርጹ ያለቀው በፈረንጆች 1972 ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኩ ክለክስ ክላን በ1915 እንደገና የተመሠረተውም እዚያው ተራራ አናት ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ ቀኑ እንዳይበላሽ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ከአክስቴ ጋር በቪዲዮ ስንደዋወል ያ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየዋለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት እኔ አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ አክስቴ መጀመሪያ የወሰደችኝ ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጋ ነበር። ዙሪያውን እየዞርን የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ማኪያቶና ኬኩ ከዚያ በኋላ መጣ። እሷ ከተማዋን ሙሉውን ሰጠችኝ፤ እኔ ግማሹን ሰጠኋት። ስለዚህ በየዓመቱ «አትላንታ ምን ላሳያቸው? የት ላብላቸው?» ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ ተቀይሯል። ከኦበርን ጎዳና ጀምሩ።

ብዙዎቻችን ለምን እንደማንጀምር አውቃለሁ። ቤት ውስጥ «ወደዚያ ሰፈር አትሂጂ» እየተባልን ነው ያደግነው። ወላጆቻችን ለእኛ ሲፈሩ ነው፤ ግን ፍርሃቱ ውስጥ «እኛ እንደ እነሱ አይደለንም» የሚል ነገርም አለበት፤ ይህን በግልጽ እናውራው። የእኔ ወላጆች የመጡት በዲቪ ነው። ዲቪ በ1990 ሕግ የመጣ ቢሆንም፣ ለምዕራብና ለሰሜን አውሮፓውያን የሚያደላውን የኮታ ሥርዓት ያፈረሰው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ያ ሕግ የወጣው የጥቁር አሜሪካውያን ትግል አገሩን ባንቀሳቀሰበት ጊዜ፣ የምርጫ መብት ሕጉ በጸደቀበት በዚያው ዓመት ነው። ለእኛም በር ከከፈቱት ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህ ሰፈር ናቸው።

በሩን የከፈቱልኝን ሰዎች አንዷን ያገኘሁት በክሊኒካል ልምምድ ላይ ነው። ስማቸውንም ሕመማቸውንም አልናገርም። የደም ግፊታቸውን ስለካ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝና ወሬ ጀመርን። የከተማውን ትልቅ ሆስፒታል ግሬዲን «ግሬዲስ» እያሉ በብዙ ቁጥር ሲጠሩት ሰማሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የነጭና የጥቁር ታካሚዎች ክንፍ ለየብቻ ስለነበር ለእነሱ ሁለት ሆስፒታል ነበር። አትላንታ ያደግሁ የነርሲንግ ተማሪ ሆኜ ይህን የሰማሁት ከታካሚ አፍ ነው። «የእኛን ጎመን ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝም አልቀመስኩም ነበር።

እንግዲህ ዕቅዱ ይኸውና። ጠዋት ኦበርን ሂዱ፤ ኪንግ በጥር 1929 የተወለደበት ቤት፣ የሰበከበት ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን፣ እሱና ባለቤቱ ኮሬታ በውኃ መሃል ያረፉበት መቃብር ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። መግቢያ አይከፈልም። የተወለደበት ቤት ውስጡ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ወደ መሃል ከተማው በእግር ውጡ። አውራ ጎዳናው ሰፈሩን ለሁለት ቆርጦ ሲያልፍ ታያላችሁ፤ ድህነቱንም ታያላችሁ፣ እንግዳችሁም ይይ። ትንሽ አለፍ ብሎ የጆን ሉዊስ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል አለ። በቀን ሂዱ፣ መኪና ውስጥ ቦርሳ አትተዉ፤ ይህ ለሌኖክስ ሞልም ይሠራል።

ቀጥሎ ኤጅውድ ጎዳና ላይ ያለው የስዊት ኦበርን ከርብ ገበያ። ሕንፃው የተሠራው በ1924 ነው። «ከርብ» የመንገድ ጠርዝ ማለት ነው፤ በመድልዎ ዘመን ጥቁር ነጋዴዎች ውስጥ መሸጥ ስለተከለከሉ ጠርዙ ላይ ይሸጡ ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ዛሬ ውስጡ አትክልት፣ ሥጋና ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። መርካቶን ለሚያውቅ እንግዳ ትንሽ ናት፤ ግን የሚያወራበት ያገኛል።

ለምሳ ፓስካልስ ወይም ቢዚ ቢ ውሰዷቸው። ሁለቱም በ1947 የተከፈቱ ናቸው፤ የሲቪል መብት መሪዎች እነዚህ ቤቶች ውስጥ እየበሉ ነው የመከሩት። የተጠበሰው ዶሮ ስሙን የሚያህል ነው። ኮላርድ ግሪንስ የሚባለው እናቶቻችን እዚህ አገር ጎመን ወጥ የሚሠሩበት ቅጠል ራሱ ነው፤ ግሪትስ ደግሞ የበቆሎ ገንፎ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በደቡብ ምግብ ጎመኑና ባቄላው ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው በጭስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው። አሳማ ለማይበላ እንግዳ ሳታዝዙ በፊት ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤት በአሳማው ፋንታ ተርኪ ይጠቀማል። በቆሎ ዳቦውም ወተትና እንቁላል ስላለው ለጾም አይሆንም። አክስቴ የመጣችው በፍልሰታ ስለነበር «የምትበላው የለም» ብዬ በየቀኑ ሐበሻ ምግብ ቤት በያይነቱ አበላኋት። ዌስት ኤንድ ሰፈር ምንም የእንስሳት ተዋጽኦ የማይነኩ የጥቁር አሜሪካውያን ምግብ ቤቶች እንዳሉ ያወቅሁት ከሄደች በኋላ ነው። ስለ ስዊት ቲ ደግሞ እንደ ነርስ ልናገር፦ ስኳሩ ብዙ ነው፤ ስኳር በሽታ ላለባቸው ዘመዶቻችሁ «ስኳር የሌለው» ብላችሁ እዘዙ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የራሳችንን ታሪክ አሳዩ። የ1996 ኦሎምፒክ እዚሁ ነው የተካሄደው። ፋጡማ ሮባ የማራቶኑን ወርቅ ወስዳ በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የሆነችው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ10,000 ሜትር ያሸነፈው በዚህ ከተማ ነው። ስታዲየሙ ተቀይሮ ዛሬ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ሆኗል። አክስቴ ያን ቀን በሬዲዮ ሰምታ ማልቀሷን እስከ ዛሬ ታወራለች፤ እኔ ግን በመኪና በአጠገቡ አሳልፌያት «ስታዲየም ነው» አልኳት።

«እንግዳ ሊደሰት ነው የመጣው፣ ለምን ታስጨንቂዋለሽ?» የሚለኝ ይኖራል። አኳሪየሙን አትዩ አላልኩም፤ ልጆች ካሉ የግድ ነው። ስቶን ማውንቴንም ውጡ፣ ከላይ የሚታየው ደን ያምራል። ግን ካሜራ ፊት ከማቆማችሁ በፊት ከኋላቸው ያለው ማን እንደሆነ ንገሯቸው። ከዚያ ፎቶውን ይፈልጉት እንደሆነ ራሳቸው ይወስኑ።

ባለፈው ወር ለአክስቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ያን ዕለት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ፎቶውን አላወረደችውም፤ ስትመለስ በሌላ እንደምትቀይረው ግን ነግራኛለች፣ ሌላውን የት እንደምናነሳው እኔ ነኝ የማውቀው።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎችን የምንቀበለው ፒዛ አዝዘን አዳራሽ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት ኪንግ ሜሞሪያል ባቡር ጣቢያ ተገናኝተን ኦበርንን በእግር እንሂድ፤ ምሳውን ከርብ ገበያ እንብላ። ጎመኑ በምን እንደተቀቀለ ቀድሜ የምጠይቀው እኔ ነኝ።