«ፎቶ እናመጣልሃለን»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአንድ የ26 ዓመት ወጣት ነው። እያነበብኩ መሀል ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ልጁ ከሦስት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ የጀርባ አጥንቱ ተጎድቶ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። አብሮ አደግ የሰፈር ጓደኞቹ በየወሩ እያዋጡ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል። ቀኑ ተቆርጧል፤ መኪናውም ተይዟል። እሱ ግን ወሬውን የሰማው ከእህቱ ነው! ሲጠይቃቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ለአንተ አስበን እኮ ነው፤ በዚያ በረሃ ለምን ትንገላታለህ? አይዞህ፣ ፎቶ እናመጣልሃለን።»

«ከእነሱ ጋር ልቆራረጥ ወይስ ችዬ ዝም ልበል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርግ! ጓደኞችህ ክፉዎች አይመስሉኝም። ጥፋታቸው ሳይጠይቁህ ስለአንተ መወሰናቸው ነው። ይህን የምለው ከእነሱ ተሽዬ አይደለም። ደብዳቤህን ያስቀመጥኩት ራሴን ስላየሁበት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ወደዚያው ወደ አዋሽ ልንሄድ ስንነሳ፣ በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት በዊልቸር የምትሄድ ባልደረባችንን «አንቺን እንኳ ይከብድሻል» ያልኳት እኔ ነኝ። ቀና ብላ አየችኝና «ማን ነገረህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷም ሄደች!

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ፓርኩ ውስጥ ገባን። አብሮን የነበረው ጠባቂ «እኔ ሳልፈቅድ ማንም ከመኪና እንዳይወርድ» ብሎ አስጠነቀቀን። ከዚያ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ እነዚያ ቀንዳቸው እንደ ጦር የተቀሰረ ሳላዎች ብቅ አሉ። ቀድማ ያየቻቸው እሷ ነበረች። ሁላችንም እንደተቀመጥን በመስኮት አፍጠናል። ይሄኔ ዞር ብላ «ዛሬ ሁላችሁም እንደኔ ናችሁ» አለችና ሳቀች። እኛም ሳቅን... እኔ ግን አፈርኩ። ለካ አውሬ ለማየት የሚያስፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው! እዚያ እግር ያለውም ተቀምጦ ነው የሚያየው።

ታዲያ ምንም አልተቸገርንም ብዬ አልዋሽህም። ችግሩ ግን ከአውሬው አልመጣም። የመጣው ከመጸዳጃ ቤቱ በር ነው። ቀደም ብለን ደውለን «ለዊልቸር ይመቻል ወይ?» ብንል ስሙን የማልጠራው ማረፊያ «ምንም ችግር የለም!» ብሎን ነበር። ስንደርስ በሩ ከዊልቸሩ በአራት ጣት ይጠባል። እሷም ይህን በማየቷ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ዋለች። በዚያ ሙቀት! የነቃነው ራሷን ሲያዞራት ነው።

ከዚያ የተማርኩትን ልንገርህ፦

አንደኛ፣ «ይመቻል ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። ዊልቸርህን ለካና «የመጸዳጃ ቤቱ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ደረጃው ስንት ነው? አልጋውስ ምን ያህል ከፍ ይላል?» በል። በሩን ፎቶ አንስተው በስልክ ይላኩልህ። የምትጠይቀው ልመና አይደለም። የሕንፃ ዐዋጃችን ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 30 ላይ መዝናኛንና የቱሪስት ቦታን በስም ጠቅሷል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ጠጣ! ጀርባቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነታቸው እንደ ልብ አያልብም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ ይጎዳቸዋል። እርጥብ ፎጣና ውኃ የሚረጭ ጠርሙስ ያዝ። በሽንት ቱቦ የምትጠቀም ከሆነ ከሚበቃህ በላይ ያዝ። ከመሄድህ በፊትም ሐኪምህን አማክር።

ሦስተኛ፣ የዊልቸርህን ትራስ መኪናው ወንበር ላይ አንጥፈህ ተቀመጥበት። ከወገብህ በታች የማይሰማህ ከሆነ መቁሰልህን ሳታውቀው ልትቆስል ትችላለህ። በየሩብ ሰዓቱ፣ ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በክንድህ ተደግፈህ ከፍ በል ወይም ጎንህን ለውጥ።

አራተኛ፣ ለጎማው መለጠፊያና መንፊያ አትርሳ። የግራር እሾህ ለዊልቸር አይራራም። የእኛን በመጀመሪያው ቀን ነው የበሳው!

አምስተኛ፣ ላንድክሩዘር ላይ እንዴት እንደምትነሳ ለጓደኞችህ አዲስ አበባ እያላችሁ አሳያቸው፤ ሰፈር ውስጥ ተለማመዱት። ማን ብብትህን፣ ማን ጉልበትህን እንደሚይዝ የምትነግራቸው አንተ ነህ።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ማፈናቀሉን ታስታውሳለህ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የፓርኩን ሁኔታ ሁላችሁም አጣሩ።

«ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው» የሚልህ ከመጣ፣ ደቡብ አፍሪካን ጥቀስለት። በክሩገር ፓርክ፣ እንደ ስኩኩዛ ባሉት ትልልቅ ካምፖች፣ ለዊልቸር ተብለው የተሠሩ ክፍሎች አሉ። በርግ ኤን ዳል በተባለው ካምፕ ደግሞ ዓይነ ስውራን ገመድ ይዘው የሚሄዱበት፣ በብሬል የተጻፈበት የእግር መንገድ ተዘጋጅቷል። እነሱ አስበው ነው የሠሩት።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። ሰብስባቸውና ያለ ኩርፊያ እንዲህ በላቸው፦ «መሄድ አለመሄዴን እኔ ልወስን። የእናንተ ድርሻ ማገዝ ነው፤ የእኔ ደግሞ እንዴት እንደምታግዙኝ መንገር።» መዋጮህንም ክፈል። እንግዳ ሆነህ ሳይሆን እንደማንኛቸውም ሆነህ ሂድ። ይህን ሁሉ ሰምተው «አይሆንም» ካሉ፣ ያኔ የሚያወላዳህ ጥርጣሬ አይኖርህም፤ ሌላ የጉዞ ጓደኛ ፈልግ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ «ለአንተ አስበን ነው» ከማለታችሁ በፊት አንዴ ጠይቁ። እኔ «ማን ነገረህ?» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ወንድሜ፣ ፎቶውን አንተው አንሳው። ሳምንት ያገናኘን፤ ቸር ሰንብቱ!